ጎማ የለበሰው ማቆሚያ

ጊታሩን ሳነሳው ማቆሚያው አብሮ ይነሳል።

ቀስ ብዬ መልሼ አስቀምጠውና ጎንበስ ብዬ አያለሁ። የማቆሚያው ሁለት የብረት ክንዶች ከላይ እስከ ታች በጥቁር ጎማ ተጠቅልለዋል። የሞተር ሳይክል የውስጥ ጎማ ነው፤ በስሱ ተቀዶ፣ ጥብቅ ተደርጎ፣ ጫፉ በሽቦ ታስሯል። እንጨቱና ጎማው አንድ ሥጋ ሆነዋል።

«እማዬ፣ ይሄን ማን አደረገው?»

«እኔ ነኛ» ትላለች እናቴ ከጓዳ። ድምፅዋ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነው። «ባዶ ብረት ላይ ትተኸው ሄድክ። ጎሚስታው ጋ ሄጄ ለምኜ ነው ያመጣሁት።»

«በጨርቅ አላልኩሽም?»

«ጨርቅማ በዚህ ክረምት ይሻግታል።»

«ጎማ ያቀልጠዋል ብዬሽ ነበር እኮ።»

«ጎማ ስንት መኪና ይሸከማል፣ እንዴት አንድ እንጨት ያቀልጣል?»

እናቴ ንጋቷ ከላስቲክ በቀር የምታምነው መጠበቂያ የለም። የሶፋችን ላስቲክ ከተገዛ ጀምሮ አልወለቀም፤ እንግዳ በተቀመጠ ቁጥር ይንጫጫል። ሪሞቱ በላስቲክ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሷም በላስቲክ ነው። ቢቻላት እኔንም ጠቅልላ ታስቀምጠኝ ነበር። ለክረምት ትምህርት ሚዛን ከተማ ስሄድ ይህን እያወቅሁ የሰው ንብረት ላይ ጥያት ሄድኩ።

ጊታሩ የመምህር በላይነህ ነው። በወጣትነታቸው እዚህ ማጂ ሲመደቡ በራሳቸው ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በቅሎ ላይ ጭነው ያን ሁሉ ገደል አሻግረውታል። ከዚያ ወዲህም አንድ ጭረት አላረፈበትም። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ለእኛ ለጴንጤዎቹ የመዘምራን ልምምድ ሲያውሱኝ ግን «ቫርኒሹ ስስ ነው፤ ላስቲክ ነገር አታስነካው» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አላሉኝም። አሁን ጡረታ ወጥተው ጅማ ሊገቡ ነው። ዛሬ ሊወስዱት ይመጣሉ። እኔ ደግሞ ሰሞኑን እግዚአብሔር ልባቸውን እንዲያራራልኝና እንዲተዉልኝ ስጸልይ ነው የሰነበትኩት፤ ጾሜ ጭምር።

ጎማውን በጥፍሬ እየላጥኩ አለያየዋለሁ። ሲለቅ ቁስል ላይ የከረመ ፕላስተር ሲነሳ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ሥሩ ላይ ሁለት ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ምልክት ይቀራል። እሱስ ከሥር ነው፣ አይታይም እላለሁ። ለካ ማንገቻውንም እንዳይወድቅ ብላ አጣጥፋ ደረቱ ላይ አስራዋለች፤ እሱም የላስቲክ ቆዳ ነው። ሳነሳው መሃል ደረቱ ላይ ጥቁር እባብ ተጋድሞ አገኛለሁ።

የአጥሩ በር ይንኳኳል።

«እማዬ፣ እንዳትነኪው። በጌታ። ምንም እንዳታደርጊ።»

«ምን አደርገዋለሁ?» ትላለች፣ ተቀይማ።

መምህር በላይነህ ዣንጥላ ይዘው ቆመዋል። ስለ ጅማው ቤት እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ልጃቸው ስለ ሳራ፣ ደግሞ ተመልሼ ስለ ጉልበታቸው። ጊዜ አገኘሁ ብዬ ምን እንደማደርግበት ራሴም አላውቅም። በመጨረሻ «ሲላስ፣ ልጄ፣ እያካፋብን እኮ ነው» ይላሉ።

ስንገባ የሚቀበለን ሽታው ነው። እናቴ በአንድ እጇ ጥጥ፣ በሌላው የእህቴን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይዛለች።

«ለቀቀልህ!» ትላለች፣ ፊቷ በርቶ።

ለቋል። ጥቁሩ ለቋል፤ ከጥቁሩ ጋር ቫርኒሹ፣ ከቫርኒሹ ጋር ቀይ ቀለሙ ለቋል። መዳፍ የሚያህል ነጭ እንጨት ራቁቱን ፈጧል፤ ዙሪያው እንደ ቀለጠ ከረሜላ ተኮማትሯል። ቅንድብ ላብጅ ብላ ዓይን አጠፋች የሚሉት ይህንን ነው። መጮህ እፈልጋለሁ፤ በእንግዳ ፊት በእናት ላይ አይጮህም።

መምህሩ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፤ ላስቲኩ ይንጫጫል። ጊታሩን ጭናቸው ላይ ያደርጉና ሥሩን በጣታቸው ይዳስሳሉ። ጣታቸው ጥቁሩ ላይ ይጣበቃል።

«ጎማ ነው?»

«አዎ፣ መምህር።»

«ነግሬህ ነበር።»

«ነግረውኛል።»

እሷ ናት ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። እናቴ ግን ትቀድመኛለች፤ «መምህር፣ እኔ ነኝ። ብረቱ እንዳይጭረው ብዬ ነው የጠቀለልኩት።»

«አይ፣ ወይዘሮ ንጋቷ፣ አስበውለት ነው» ይላሉ፣ በጨዋ ደንብ። አንድ ክር ሊመቱ እጃቸውን ያነሱና ይተዉታል። ከዚያ ጊታሩን ሶፋው ላይ አጋድመው ይነሳሉ። «እዚሁ ይቅር። ዘምርበት።»

«መምህር፣ ባለሙያ ፈልጌ…»

«ይቅር አልኩህ እኮ።»

እናቴ ሻይ ትላለች፤ መኪና እንዳያመልጠኝ ይላሉ። የጅማ መኪና ዛሬ እንደሌለ ሦስታችንም እናውቃለን። እጇን ጨብጠው ያመሰግኗታል። እኔን ሳያዩኝ ይወጣሉ።

እናቴ ክንዴን ትይዛለች። «አየህ?» ትላለች በሹክሹክታ። «ጸሎትህ ተሰማ።»

የተናደድኩት በእሷ ይሁን፣ በራሴ፣ ወይስ በሰጠኝ አምላክ፣ መለየት አልቻልኩም። የለመንኩት ጊታር ከኋላዬ ሶፋው ላይ ተጋድሟል፤ ዞር ብዬ ላየው አልፈልግም።

በመስኮት መምህሩን አያለሁ። ዣንጥላቸውን ሳይዘረጉ ብብታቸው ሥር ይዘውት፣ በካፊያው ውስጥ ቁልቁል ይሄዳሉ። አውራ ጣታቸውን በሌባ ጣታቸው ያሻሉ፤ ቆም ብለው ያዩታል፤ ደግሞ ያሻሉ።