ድምፅ የሌላት ቮልስ

ደባልቄ በልቡ «በስመ አብ» ብሎ ቁልፉን ያዞራል። ቮልሷ ትንፍሽ አትልም።

«ሞተች እንዴ?» ትላለች ባለቤቱ ዘመናይ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቶላት፣ ያልዳነ እግሯን ዘርግታ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ኧረ ገና መወለዷ ነው።»

በቤንዚኑ ሞተር ፋንታ የገባላት የኤሌክትሪክ ሞተር ከተጣለ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የወጣ ነው፤ ባትሪዎቹ ተገልብጣ ከተጨራመተች የኤሌክትሪክ መኪና። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ያገናኘውን ብረት ጎረቤቱ አብዱልሐሚድ በየደለት። የቀረውን ደባልቄ እየፈታ እየገጠመ፣ ሲያቅተው እየጸለየ ሠራው። መካኒክነትን ያስተማረው ሰው የለም፤ በጆሮው ነው የተማረው። ዛሬ ጆሮው የሚይዘው ነገር አጥቷል።

ዘመናይ ዳገቱ አናት ላይ ባለው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። እግሯ ከተሰበረ ወዲህ አልሄደችም። አሶሳ ቤንዚን ሲጠፋ ባጃጁም ይጠፋል፣ ዳገቱ ደግሞ በክራንች የሚሞከር አይደለም። ነገ ካልተመለሰች ክፍሏ ለሌላ መምህር ይሰጣል። ቮልሷ ዛሬ በራሷ ጉልበት ካልወጣች ነገም አትወጣም።

ፔዳሉን ቀስ አድርጎ ይረግጣል። ቮልሷ እንደ ጥላ ሹልክ ብላ ከግቢ ትወጣለች። ዳገቱ ሥር ስትደርስ ትንሽ ዝግ ትላለች። አብዱልሐሚድ ከብየዳ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ያያታል። ብረቱን የበየደው ራሱ ነው፤ ግን የልማድ ነገር፣ ድምፅ የሌላት ቮልስ ዳገት ሥር ካየ እጁ አያርፍም።

«ጠፋ! ሞተር ጠፋ! ያላ፣ ኑ ግፉ!»

ሸዋሉል የሽንኩርት መደቧን ትታ ትሮጣለች። ሌሎችም ይከተላሉ። በቤንዚን ዘመኗ ይህችን ቮልስ ያልገፋ የሰፈር ሰው የለም።

«አልጠፋም! ልቀቁ!» ይላል ደባልቄ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ።

«አንለቅም! ያን ጊዜ ስንለቅ ቦይ ገባህ!» ይላል አብዱልሐሚድ። «ዘመናይ፣ አንቺ አትፍሪ፣ እኛ አለን!»

«ስንገፋህ ኖረን ዛሬ አፈርክብን?» ትላለች ሸዋሉል። «ዝም ብለህ ንዳ!»

ደባልቄ መሪውን ጨምቆ ይይዛል። ቮልሷ እየወጣች ነው። በእሱ ሞተር ይሁን በእነሱ ክንድ ግን በምን ይወቅ? ነገ ጠዋት ሁሉም ወደየሥራው ነው፤ ማን ቆሞ ይጠብቃታል?

ያኔ ነው የሚሰማው።

ድሮ ቮልሷ ተገፍታ ዳገት ስትወጣ፣ እየተነሳ የሚጠፋው ሞተሯ ጩኸት ሌላ አያሰማም ነበር። ከኋላ ያሉት ሲገፉ ምን እንደሚሉ አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም። አሁን ኮቴያቸውም ትንፋሻቸውም ጆሮው ሥር ነው። አብዱልሐሚድ በየእርምጃው «ያ ረብ፣ ያ ረብ» ይላል። ሸዋሉል ደግሞ ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ «እመብርሃን፣ አንቺው ግፊያት» ትላለች። ይህን ሁሉ ዓመት እነሱ ሲጸልዩለት፣ እሱ ፒስተን ሲያዳምጥ ኖሯል።

ዓይኑ ውኃ ይሞላል። መንገዱን ለማየት በእጅጌው ይጠርገዋል።

«ደባልቄ» ትላለች ዘመናይ ወደ ኋላ ዞራ። «እየገፉ አይደለም እኮ።»

«እና ምን እያደረጉ ነው?»

«እየሮጡ ነው። ሊደርሱብን።»

ፔዳሉን ትንሽ ይጨምራል። ኮቴው ወደ ኋላ ይቀራል። «ያ ረብ» የሚለው ድምፅ ይቆራረጥና ሳቅ ይሆናል። «ቁም አንተ ሰውዬ፣ ጫማዬ ወለቀ!» ትጮኻለች ሸዋሉል። እንኳን ሊቆም፣ እግሩን ከፔዳሉ አያነሳም።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ፍሬን ይይዛል። ዘመናይ የግቢውን አጥር፣ ከዚያ የክፍሏን መስኮት ታያለች። ክራንቿን ታነሳና የበሩን እጀታ ትይዛለች። እሱ ግን ከወንበሩ አይነቃነቅም።

«ምን ሆንክ? አንወርድም?»

«ቆይ፣ እየመጡ ነው።»

መንገዱ ከታች ስለሚታጠፍ ገና ማንም አይታይም። ደባልቄ ጆሮውን ወደ መስኮቱ ይሰጣል። ከመታጠፊያው ወዲያ ሳቅና ሳል ተደባልቆ ይወጣል፤ ከሁሉም ቀድሞ አንድ ባዶ እግርና አንድ ነጠላ ጫማ ጠጠሩን እየተፈራረቁ ሲመቱ ይሰማዋል።