ከርጭት በኋላ

አክስቴ ጀርባዋን ለግሪንሃውሱ በር ሰጥታ ደፉ ላይ ተቀመጠችና፣ ገና አምስት ሰዓት ነው፣ ሰባት ሳይሞላ አይከፈትም አለች።

ሥራ አስኪያጁ ፊቷ ቆሞ ሰዓቱን አየ። የጭነት መኪናው ቆሟል፣ ጭነቱን አውሮፕላን ይጠብቀዋል፣ ጽጌረዳው ግን ገና አልተቆረጠም። እኛ ሠላሳ ቆራጮች መቀሳችንን ይዘን ጥላ ሥር ተኮልኩለናል። እውነቱን ለመናገር ቶሎ ጨርሰን መሄድ ስለፈለግን ልባችን ከእሱ ጋር ነበር።

የተባይ መድኃኒቱ የተረጨው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እስኪደርቅ ስድስት ሰዓት ይፈልጋል። አበባችንን የሚገዛው አገር ያለ ቀረጥ የሚያስገባው፣ ቅጠሉ ሳይደርቅ ሠራተኛ እንዳይገባ በሚል ውል ነው። የተረጨበትም የተገባበትም ሰዓት ቅጽ ላይ ይሞላል። የምትፈርመው አክስቴ ናት። ቅጹ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ አንዱ ቆራጭ፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰው በእኔ ሳንባ ምን ጥልቅ አደረገው ብሎ አስቆን ነበር። አክስቴ አልሳቀችም። ከዚያ በፊት እርጥቡ ውስጥ እየገባች ስትቆርጥ ኖራለች፤ ዛሬም አጭር ደረጃ እንኳ ትንፋሽ አጥሯት ሁለቴ ሳታርፍ አትወጣም።

ሥራ አስኪያጁ በለዘብታ ጀመረ። ነፋሱ አድርቆታል፣ ሽታውም ጠፍቷል፣ አንቺ ቅጹን ሰባት ሰዓት ብለሽ ሙዪው አላት።

«ደግሞስ ማን ያየናል፣ እትዬ?»

«ገዢዎቹ የሚያዩኝ ቢሆንማ ፊርማዬን ምን ያደርጉታል?»

ያን ጊዜ ተቆጣ። ነገ እዚህ ደፍ ላይ ሌላ ሰው እንደሚቀመጥ ነገራት። እኔን ጨምሮ አምስት ሰው የሚኖረው በእሷ ደሞዝ ነው።

አክስቴ ቀስ ብላ ተነሣች። ከሻሿ ጫፍ ቁልፉን ፈታችና ዘረጋችለት።

«እንካ። አንተ ቅደም፣ እኛ እንከተልሃለን። የምጽፈው ግን አምስት ሰዓት ብዬ ነው።»

ከበሩ ዞር አለችለት። ቁልፉን ተቀብሎ የበሩ ቀዳዳ ውስጥ ከተተው። የቤቱ ግልጽ ላስቲክ ከውስጥ አልቦታል፤ በላስቲኩ አሳልፎ የሚታየው ቅጠል ላይ ነጩ መድኃኒት ገና እንደ ጤዛ አርፏል። አፉን በመሐረብ ሸፈነ፣ መልሶ አወረደው። እኛም ተነሥተን ነበር፣ ወደ በሩ የተራመደ ግን የለም። እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆየ። አላዞረውም።

ስልኩን አወጣና ፊቱን ከእኛ መለሰ። ጭነቱ ለማታው በረራ እንዲዛወር ጠየቀ። ምን ተበላሸ እንዳሉት ገባን።

«የተበላሸ ነገር የለም» አለ ዝግ ብሎ። «ቤቱ አልደረቀም።»

ቁልፉን ነቅሎ በእጇ አስቀመጠላትና የሚሄድበት እንደጠፋው ፀሐይ ላይ ቆመ። አክስቴ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ቁልፉን ቋጠረች፣ ከዚያ አጠገቧ እንዲቀመጥ ደፉ ላይ ፈቀቅ አለችለት።