ለዳማ የተገኘው ጋጣ

ልጇን አስከትባ ስትመለስ፣ መንገዷ ነውና ወደ አባቷ ፈረስ፣ ወደ ዳማ ጎራ አለች። ባትል ይሻላት ነበር።

የዳማ ጋማ ተቋጥሮ ገመድ መስሏል። ሰኮናው አድጎ ተሰንጥቋል። ድርቆሹ ፊቱ ተከምሮ፣ እሱ ግንባሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቆሟል። ይህ ፈረስ የአባቷን ጋሪ እየጎተተ እሷን ያሳደገ ፈረስ ነው። ጉልበቱ ሲደክም አባቷ «ጓደኛዬን ሜዳ ላይ አልጥልም» ብለው፣ ጎረቤት እየሳቀባቸው፣ በኪራይ ጋጣ አስገቡት። እሷ ግን ከወለደች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችውም።

«ጋሼ ባልደራስ፣ ይሄ ፈረስ ምን ነክቶት ነው?» አለች። የጋጣው ባለቤት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ባልደራስ እያለ ነው የሚጠራቸው።

ባልደራስ ባልዲያቸውን አንስተው ፊታቸውን አዞሩ። «እኔ ድርቆሹንም ውሃውንም አላጓደልኩም። እዚህ ቤት ማበጠር፣ ሰኮና መጥረግ፣ አውጥቶ ማንሸራሸር የፈረሱ ባለቤት ሥራ ነው። ደንቡን ታውቂያለሽ።»

«ታዲያ አባዬ በየቀኑ ይመጡ የለ?»

ባልደራስን ሳል ያዛቸው። ሳሉ፣ ሳሉና «እሱን ከአባትሽ ጋር ተነጋገሪ ልጄ። እኔን መሀል አታስገቢኝ» አሉ።

ነገሩ የገባት መንገድ ላይ ነው። አባቷ አርጅተዋል። ጎንበስ ብለው ሰኮና ማንሳት፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ጋማ ማበጠር አቅቷቸዋል። ኩሩ ስለሆኑ ለማንም አይናገሩም። ባልደራስም ወዳጃቸውን ላለማሳጣት ነው የሳሉት። እሷ ደግሞ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖረች አላየችም። ዳይፐር ስትቀይር፣ ጡጦ ስታጥብ፣ አባቷ ዓይኗ ሥር አረጁባት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዓይኗ ትከተላቸው ጀመር። ያየችው ሁሉ የሚያስለቅስ ሆነባት። አባቷ ከሰዓት በኋላ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ጫማቸውን ወልውለው ይወጣሉ። ለፈረስ እንዲህ መሰናዳት! ዳማን እንደ ሰው ነው የሚያከብሩት። ሲመለሱም ጫማቸው እንደተወለወለ ነው። ምስኪን፣ ጭቃው እንዳያዳልጣቸው ፈርተው፣ ከበሩ ላይ ቆመው አይተውት ብቻ ነው የሚመለሱት አለች። እራት ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ» ይላሉ። ሽማግሌ ምግብ ከዘጋው ደግሞ ምን ቀረው?

አንድ ቀንማ ለዳማ ከሚወስዱለት ካሮት ሌላ ድንችና ሽንኩርት በፌስታል ሲከቱ ደረሰችባቸው።

«አባዬ፣ ፈረስ ሽንኩርት ይበላል እንዴ?»

አባቷ ጥቂት አሰቡ። «ያረጀ ፈረስ እኮ የማያወጣው አመል የለም።»

አእምሯቸውም እየሄደ ነው ማለት ነው ብላ፣ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ባሏ ጎማ ጠጋኝ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ደንበኛው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ጥሩ ጋጣ እንዳለ ነገረው። እዚያ ሠራተኞቹ ራሳቸው ያበጥራሉ፣ ሰኮና ያስተካክላሉ፣ ሣር ላይ ይለቃሉ። ችግሩ ርቀቱ ነው። አውቶቡስ ቀይሮ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግር ነው። አባቷ በየቀኑ ቀርቶ በወርም አይደርሱበትም።

«እዚህ ብተወው ፈረሱን ልገድል ነው፤ ብወስደው አባዬን» አለች።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል ነበር» አለ ባሏ። «ያንቺው ግን ባልና ሚስት እያዋጋ ነው። ንገሪያቸውና ተገላገይ!»

«እማዬ ከሞተች ወዲህ ከእሱ ሌላ ማን አላቸው?»

ባሏ እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

ልትነግራቸው አልሞከረችም አይባልም። «አባዬ፣ ስለ ዳማ...» ብላ ስትጀምር «አዎ፣ ይጠብቀኛል፤ ረፈደብኝ» ብለው ብድግ ይላሉ። ልጇን ስታጠባ እንኳ ልቧ ስለማያርፍ፣ ወተቱም የቀነሰባት መሰላት።

በመጨረሻ፣ ቦታ እንዲይዝላት የለመነችው የአዲሱ ጋጣ ሰውዬ በማለዳ ደወለ። ዛሬ ካልመጣ ቦታው ለሌላ ፈረስ ይሰጣል አላት። አባቷ ገና ሳይነሱ ወጥታ ዳማን መኪና ላይ አስጫነችው። ዳማ እያነከሰ ወጣ፤ ወደ ኋላም አላየ። እሷ ግን መኪናው እስኪሰወር ድረስ የሰው ንብረት እንደሰረቀ ሰው ዙሪያዋን ታይ ነበር። ባልደራስ ባዶውን ጋጣ እየጠረጉ «ደግ አደረግሽ» ሲሏት የባሰ ሆድ ባሳት።

ምሳ ላይ እነግራቸዋለሁ አለች። አልነገረችም። አባቷ ተላጩ፣ ጫማቸውን ወለወሉ፣ ካሮቱን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ከሰዓቱን ሙሉ ልጇን ታቅፋ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። አባቷ ባዶው ጋጣ በር ላይ በድንጋጤ ክው ብለው ሲቆሙ ይታያታል። ቢወድቁስ? ማን ያነሳቸዋል? የወለደችው ልጅ አድጎ እሷንም እንዲህ ሲያደርጋት ታያት። ቢያደርገኝም ይገባኛል አለች።

ሲመሻሽ አባቷ ጫማቸው እንደተወለወለ፣ ልብሳቸው ዕጣን ዕጣን እየሸተተ መጡ። ቀና ብላ ፊታቸውን ማየት ፈራች። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ልጁን ከእጇ ተቀበሏት።

«አባዬ... ዳማ... ዳማ እንዴት ዋለ?» አለች።

«ምን ይሆናል ብለሽ! ጋማውን አበጥሬለት፣ ደረቱን አሻሽቼለት መጣሁ፤ አልለቅህም ብሎ ይዞኝ ነው እንጂ ቀደም ብዬም በመጣሁ ነበር» አሏት።