የማይበራው ሳህን

ወርቅዬ ቤቴል ያለ ላቦራቶሪ ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ናት። በተወለደ በሁለተኛ ቀኑ የሞተባትን ልጇን ቀራንዮ ቀብራዋለች። እትብቱን ግን ሐኪሞቹ ለምርምር ወስደውባት፣ ሕዋሱ እዚሁ ላቦራቶሪ፣ ትንሽ የመስታወት ሳህን ላይ በሕይወት አለ።

ዶክተር ሰይፈሥላሴ በየጠዋቱ፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚለውን ራሱ የሠራውን ጠብታ ሁለት ሳህን ላይ ያንጠባጥባል። ጠብታው ገና የትኛውም የሰውነት ክፍል ያልሆነውን ግንደ ሕዋስ ካገኘ ላዩ ላይ ተጣብቆ አረንጓዴ ያበራል። የልጁ ሳህን ሁልጊዜ ይበራል። ዶክተሩ ለማመሳከሪያ ከገዛ ጉንጩ ውስጥ ፍቆ የሚያስቀምጠው ግን አንድም ቀን በርቶ አያውቅም።

«ሥራዎ ካለቀ ይስጡኝ ዶክተር፤ እትብቱም አብሮት ይቀበር» አለችው፣ ለስንተኛ ጊዜ።

«ምራቅ ለምታክል ነገር ፍትሐት ልታስደርጊ?» ብሎ ሳቀ። «በረኪና ድፊበትና እጠቢው። ሥራሽ አይደል?»

በጆግ የያዘችውን በረኪና የልጇ ሳህን ላይ ደፋችበት። የማይክሮስኮፑ ስክሪን ላይ አረንጓዴው እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ።

ዶክተሩ የራሱን ሳህን ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባ። በርቷል። ጉንጩን እንደገና ፍቆ አዲስ ሳህን ላይ አንጠባጠበ፤ እሱም በራ። እጁን ጉንጩ ላይ እንደጫነ ቀረ።

ወርቅዬ ጆጉን አነሳች።

«በረኪናው ተርፏል ዶክተር» አለችው። «የቱ ጋ ልድፋው?»