የሁለት መስመር ሙያ

ጨዋታውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ጠረጴዛ ከብበን፣ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ አዳኝ፣ አንዱ ጠንቋይ ሆኖ፣ ዳይስ እየወረወርን ጀብዱ የምንሠራበት ነው። የእኔ ጠንቋይ ብቻ ሰባት ገጽ ሕግ አለው። ሰባቱንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከተጫዋቾቻችን አንዱ ምናሴ እጮኛውን ይዞብን መጣ። የሕጉን ወረቀት ስሰጣት ሳታነበው የቺፕሷ ማስቀመጫ አደረገችው።

"እኔ እንኳ ለመዝናናት ነው የመጣሁት። ቀለል ያለ ነገር የለም?" አለችኝ፣ ዘይት የነካ ጣቷን እየላሰች።

ቅፍፍ አለኝ። በዚያው ጣት ነው እኮ ዳይሴን የምትነካው!

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚመጥን ሙያ እዚያው ፈጠርኩ። ዘበኛ። "የምሽጉን በር ይከፍታል። የምሽጉን በር ይዘጋል።" በቃ፣ ሁለት መስመር። ከእሱ በቀር በሩን ማንም አይነካም። ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ ወረቀቱን ወረወርኩላት።

ከሰዓቱን ሙሉ "አንቺ ዘበኛ፣ ክፈቺ! አንቺ ዘበኛ፣ ዝጊ!" ስላት ዋልኩ። ቺፕሷን እየቆረጠመች ከፈተች፤ ዘጋች።

በመጨረሻ ዘንዶው መጣ። ሌሎቹ ሮጠው ምሽጉ ውስጥ ገቡ። እኔ የሰባተኛውን ገጽ ድግምት ልሞክር ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁ። ዳይሱ ከዳኝ፤ ድግምቱ ከሸፈ። ዘንዶው እየተከተለኝ በሩ ጋ ስደርስ ተዘግቷል።

"ክፈቺ!" ብዬ ጮህኩ።

ሁለቱን መስመር ቀስ ብላ አነበበች። ጣቷን በሰባቱ ገጽ ሕጌ ጠረገችና ቀና ብላ አየችኝ።

"ማን ልበል?"