ሽመላው ከማን ሸሸ

በዚያ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ከሰሌኑ አጥር አጠገብ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ዶክተሯ፣ ሾፌሩና ሙሽራው። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ አንድ ሽመላ ነበር።

ሙሽራው ሙሽራ አይደለም። የወፍ ጠባቂ ነው። ነጭ ለብሶ ስለሚውል ሾፌሩ ያወጣለት ስም ነው። ልብሱ ከራስ እስከ ጉልበት ይሸፍናል፤ ዓይኑ ላይ ስስ መረብ አለው፤ ቀኝ እጅጌው ጫፍ ላይ ከእንጨት የተሠራ የሽመላ ራስ ተሰፍቶበታል። ጫጩቱ ከእንቁላሉ ከወጣ ጀምሮ እናቴ ብሎ የጎረሰው ከዚያ የእንጨት አፍ ነው። እስከ ትናንት ድረስ የሰው ፊት አላየም፤ የሰው ድምፅ አልሰማም።

ትናንት፣ ሰው ይፈራ እንደሆነ ለመፈተን፣ ሾፌሩ በሰው ፊቱ ገባ። ሽመላው እንዳየው በረገገ።

«ከእኔማ ሚስቴም ትሸሻለች» አለ ሾፌሩ ሲወጣ። «ይሄ ፈተና አይባልም።»

ስለዚህ ዛሬ የሙሽራው ተራ ሆነ።

«ያለ ልብሱ ትገባለህ» አለችው ዶክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሳዳጊውን ከፈራ ማንንም ይፈራል። ዛሬውኑ ረግረጉ ወስደን እንለቀዋለን።»

«ካልፈራኝስ፣ ዶክተር?»

«ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። የአምናው ጫጩት ሰው አይፈራም ነበር። በተለቀቀ በሳምንቱ እህል ሊለምን አንድ ግቢ ገባ፤ በድንጋይ ወግረው ገደሉት። ከዚያ ወዲህ ሰው የማይፈራ ሽመላ ዕድሜ ልኩን ከአጥር አይወጣም ተባለ። ሙሽራው ልጅ ሳለ ሽመላዎች ከረግረጉ ሲነሱ ሰማዩ ነጭ ይሆን ነበር። እናቱ የምታሰጣውን ልብስ በእጇ እንደያዘች ሽቅብ ስታይ አንገቷን ያማት ነበር። አሁን የቀሩትን ሾፌሩ በጣቶቹ ቆጥሮ ጣት ይተርፈዋል።

ሙሽራው በሩን ገፋ አድርጎ ገባ።

ትናንት የታጠበው ነጭ ልብሱ ከአጥሩ በውስጥ በኩል ተሰጥቷል። ሽመላው ከኩሬው ዳር ቆሟል። ሰው ሲያይ አንገቱን አስረዘመ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ክንፉን ከፈተ። ከሰሌኑ ጀርባ ዶክተሯ ትንፋሿን ዋጠች። ሙሽራው «ሽሽ፣ የኔ ጌታ፣ ሽሽ» አለ በልቡ።

ሽመላው ግን አንገቱን ዝቅ አደረገና መሬት መሬት አየ።

ጫማውን።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ሙሽራው ያለ ልብሱ ሲገባ የጎማ ቦት ጫማውን ማውለቅ ረስቷል። ከነጩ ልብስ ሥር በየቀኑ የሚታየው ያው ጫማ ነው፤ ግራው ላይ የብስክሌት ጎማ መጣፊያ ተለጥፎበታል። ሽመላው ያቺን መጣፊያ መቆርቆር ይወዳል። ክንፉን አጥፎ፣ እንደ ልማዱ ረጃጅም እግሮቹን እያነሳ፣ መጣ። ቶክ፣ ቶክ አደረጋት። ከዚያ ቀና ብሎ ፊቱን አየው።

እንዲህ በባዶ ፊት ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ሙሽራው ደስ ይበለው ወይስ ይክፋው ግራ ገባው። እጁ ሊዳብሰው ተነሳ፤ አየር ላይ ቀረ።

«ምነው ይሄ ልጅ ፈዘዘ!» አለ ሾፌሩ ከሰሌኑ ጀርባ፣ በሹክሹክታ።

ሽመላው እንዲሸሸው ሙሽራው መጮህ ነበረበት። እሱ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሮ ከሰፈሩ አልፎ የሚወርድ ሰው ነው። በጩኸት ፈንታ ጎንበስ ብሎ መጣፊያ ያለበትን ጫማ አወለቀና ኩሬው ውስጥ ወረወረው። ውኃው ተረጨ።

«ሂድ!» አለ። የገዛ ድምፁ አስደነገጠው። «ሂድልኝ! ሰው ነኝ! ሰው ነኝ እኮ!»

ሽመላው ዘለለ። እየተንደረደረ፣ በክንፉ አፈሩን እየጠረገ፣ አጥሩን ተጠግቶ ሮጠና ከተሰጣው ነጭ ልብስ ሥር ተወሸቀ። ራሱን ከእንጨቱ ራስ ጎን ሸጎጠ። ከውጭ የሚታዩት የሚንቀጠቀጡ ሁለት እግሮቹ ብቻ ነበሩ።

ሙሽራው ጫማ የሌለውን እግሩን ጭቃ ውስጥ እንደተከለ ቆመ።

«ፈርቷል» አለች ዶክተሯ በሩ ላይ ብቅ ብላ። «ፈርቷል አይደል?»

«መፍራቱንስ ፈርቷል» አለ ሾፌሩ። «ግን ዶክተርዬ፣ ከማን ሸሽቶ ማን ጋ ተደበቀ? እኔስ ዞረብኝ።»

«እኔም» አለች።

«አልፏል ወይስ ወድቋል?» አለ ሙሽራው። ድምፁ ወደ ቦታው ተመልሷል።

«ማን?» አለ ሾፌሩ። «እሱ ነው ወይስ አንተ?»

ዶክተሯ የሚንቀጠቀጡትን እግሮች ብዙ አየች፤ ከዚያ ሙሽራውን አየች።

«ጋሼ፣ ረግረጉ የምንወስድበትን ሳጥን ከመኪናው ያውርዱት» አለች ሾፌሩን። ለምርመራ የምትገባበትን፣ መረብና የእንጨት ራስ ያለውን የራሷን ነጭ ልብስ ከትከሻዋ አውርዳ ለሙሽራው ዘረጋችለት። «እንካ። አንድም ቃል እንዳትናገር።»

ሙሽራው ጫማውን ከኩሬው አውጥቶ ውኃውን ደፋና እግሩን አስገባ። ልብሱን ለበሰ፤ መረቡን ወደ ፊቱ አወረደ፤ የእንጨቱን ራስ ቀና አደረገ።

ሽመላው ከተሰጣው ልብስ ሥር ወጣ። ተከትሎት ሳጥኑ ውስጥ ገባ።