ከሾፌሩ ጎን

ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትጠጋ አባዬ ክንዱን ብርድ ልብሱ ውስጥ ይሸጉጣል።

«አባባ፣ ሕመሙን ያስታግስልዎታል። ትንሽ ቢያስተኛዎት ነው።»

«እሱን እኮ ነው ያልፈለግኩት። ልጄ መንገድ ላይ ናት።»

ነርሷ ዞራ ታየኛለች። ጠዋት ኮሪደር ላይ «የሚመጣ ዘመድ ካለ ይፍጠን» ብላኛለች። የሚመጣው ዘመድ ታናሽ እህቴ ናት፤ አውሮፕላን ውስጥ ነች፣ ሁለት ሰዓት ይቀራታል። አባዬ አንዴ ከተኛ ድምፅዋን ሳይሰማ እንዳይሄድ እሰጋለሁ። ሳይተኛ ደግሞ ሥቃዩን ማየት አልችልም።

ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ሕግ ነበረው፦ ከሾፌር ጎን የተቀመጠ ሰው አይተኛም። እንቅልፍ ይጋባል ይላል። ረዳቱም ሆነ እኛ ልጆቹ ጋቢና ከገባን ሥራችን ማውራት ነው፤ ያሸለበ ከኋላ፣ ከጭነቱ ጋር።

«የእህትሽ መንገድ ስንት ኪሎ ሜትር ነው ያልሽኝ?»

«ዘጠኝ ሺህ።»

«በአሥራ አንድ ሰዓት ውስጥ!» ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ግን ያበራል። «ለእኔ ከነብልሽቱ የአንድ ወር መንገድ ነው። ደግሞ ሳይቆም! ሞተሩ ቢግልበትስ?»

«ላይ ብርድ ነው፣ አባዬ።»

«አቤት! የዚህን ሾፌር እጅ ብስም ደስ ባለኝ። ከጎኑ ሰው አለው?»

«ሁለተኛ አብራሪ አለ።»

«እሱን አላውቀውም» ይላል። «እኔ ልቀመጥ።»

ሕመሙ ሲነሳበት የአልጋውን ብረት ይጨብጣል። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። «አውሪኝ እንጂ» ይለኛል ጥርሱን ነክሶ። ስልኬ ላይ ያለውን ካርታ እያየሁ አወራለታለሁ፤ ባሕሩን ጨረሱ፣ በረሃው ላይ ገቡ፣ አሁን ተራራ ነው። «ቁልቁለቱን በማርሽ ይያዘው» ይላል። ነርሷ መርፌውን ትሪው ላይ አስቀምጣ በሩን ተደግፋለች። «ተራራውን አለፉ?» ትላለች እሷም።

አንዴ ዓይኑ ይከደናል። ትከሻውን እይዛለሁ።

«አባዬ!»

«ምን ያስጮህሻል? የኋላ መስታወት እያየሁ ነው።»

ነርሷ ትስቃለች፣ ወዲያው ፊቷን ወደ ኮሪደሩ ታዞራለች።

ስልኩ ይጮኻል። «መሬት ነካን! ገና አልቆመም» ትላለች እህቴ። «አባዬ አለ?»

ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ።

«አለሁ፣ ትንሿ። ሳይቆም ቀበቶሽን እንዳትፈቺ።»

ከዚያ የአውሮፕላኑ ጉምጉምታ በስልኩ ውስጥ እየሳሳ ሲሄድ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል። ብርድ ልብሱ ሥር ቀኝ እግሩ ቀስ፣ ቀስ እያለ ፍሬን ሲይዝ አያለሁ።